እናትሽ ከስታለች፤ ደህና ናት

መካነ ሰላም
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ፈርሂያ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ተረጂልኝ። እናትሽን ያሳመማት ብርድ አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም፤ ምግብ አንሷትም አይደለም። አስሟ የከፋው በውፍረቷ ነው። የቀረው ደብዳቤ ይህንኑ ማስረዳት ስለሆነ፣ ይህን ካላመንሽ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግሽም።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ገብሱ ታጭዷል። ጎረቤታችን በዛች ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው ስናወራ የእናትሽ ድምፅ ለምን ይቆራረጥ እንደነበር በጠሃ በኩል ጠይቀሽኛል። ኔትወርኩ አልነበረም፤ ትንፋሿ ነው። አሁን ኔትወርኩ ጨርሶ ስለጠፋ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ቢኖርም ግን ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር። አንቺ ስትደውዪ እናትሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጭኗ ላይ ነው የምታስቀምጠው። እኔ የጻፍኩትን የመኪና ሾፌር ደሴ ከተማ ላለው ለአጎትሽ ልጅ ለጠሃ ያደርስለታል፣ ጠሃ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶውን ላኪለት፤ ሱቁ ውስጥ አትሞ በዚያው ሾፌር ይመልስልኛል።

እናትሽን የሚያያት ሐኪም ዶክተር ባህሩ ይባላል። ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። ስብ የተረፈው ምግብ የሚቀመጥበት ጎተራ ነው ስለው፣ ጎተራ ብቻ አይደለም አለኝ። ቁስል ዙሪያ ቆዳው እንደሚቀላ፣ እንደሚሞቅና እንደሚያብጥ አይተሻል። ብግነት ይሉታል። ስብ ሲበዛ ይህን ብግነት የሚቀሰቅስ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ቁስል የለም፤ ሰውነቱ ግን በጥቂቱ እንደተቆጣ ይኖራል። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ቀድሞም ቁጡ ነው። ይህ ሲጨመርበት ግድግዳው ያብጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል። የሆዷ ክብደት ደግሞ ሳንባዋን ከታች ይገፋዋል፤ እስከ ጥጉ አይሞላም። ከዚህም ሌላ፣ አፏ ላይ አድርጋ የምትስበው መድኃኒት በእንዲህ ያለ ሰውነት ላይ የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም። እኔ መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አንቺ እናትሽን አስቀምጠሻታል። ክፉ አላደረግሽም፤ በዚህ አገር ልጇ ዐረብ አገር የገባችላት እናት ትቀመጣለች። ሠራተኛ ቀጠርሽላት፣ ገበያ አትውጪ አልሻት፣ በየዒዱ ወፍራ የምትታይ ፎቶ ላኩልኝ አልሽ። በከላላ መንገድ ወንድሟ ቤት ድረስ በእግሯ ደርሳ ትመለስ የነበረች ሴት አሁን ከመኝታ ወደ በር፣ ከበር ወደ መኝታ ነው። ሳል ሲጀምራት ደግሞ ደረት ያለሰልሳል ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ የበግ ላት አቅልጦ ያመጣላታል። በዛች በጾሟ ወራት ራሷ የማትቀምሰውን ሳይቀር ይዛ ትመጣለች።

እንድትራመድ ስነግራት «ልጄ ተቀመጪ ብላኛለች» ትለኛለች። ስለዚህ እንድትነሳ የምትፈቅጂላት አንቺ ነሽ። የሚነበብላት ነገር ጻፊ።

አባትሽ አሕመድኑር


ኩዌት
ኅዳር 9 ቀን 2016

ለውድ አባቴ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ተናድጄ ነው የዘገየሁት። ይቅር ይበሉኝ።

አባባ፣ እዚህ ማዳም ለመክሳት ብላ ጨጓራዋን አስቆርጣለች። አሁን በማንኪያ የምትበላውን እኔ ነኝ የማቀርብላት፤ ስትጨርስ ታለቅሳለች። ይህን እያየሁ እኔ ለእናቴ ስብሽን ቀንሺ ብዬ ልጻፍላት? እኔ እኮ የመጣሁት እናቴ ትጥገብ ብዬ ነው። እርስዎ ያስረዱኝ ሁሉ ገብቶኛል፣ እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለው አየሁት። ብግነት የምትለዋን ቃል ሐበሻ ጓደኞቼን ጠየቅኋቸው፣ አንዷ የምግብ ስም መስሏት ነበር። ግን ሰው ምን ይላል? «ፈርሂያ ስልኳ ጠፋ፣ እናቷም በእግሯ ገበያ ጀመረች» አይሉም?

ኮንትራቴ ሲያልቅ እመለስ እንደሆነ በጠሃ በኩል የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እመልስልዎታለሁ። አሁን አይጠይቁኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለእማዬ የሚነበብ ነው።

እማዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ተቀመጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ተነሺ የምልሽም እኔ ነኝ። ላቱን ለበዛች ልጆች ስጪ። አባባ ተራመጂ ሲሉሽ ተራመጂ። እኔን አስቢና ተንፍሺ።

ልጅዎ ፈርሂያ


መካነ ሰላም
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ፈርሂያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከኅዳሩ በኋላ የላክሽው ደብዳቤ ግማሹ ብቻ ነው የታተመው፤ የጠሃ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ይሆናል። ያየሁትን ጥያቄ እመልሳለሁ፣ ያላየሁትን እንደገና ጻፊው።

ትታዘዛለች ወይ ብለሽ ላልሽው፣ ትታዘዛለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት ሰማች፣ እንደገና አንብቡልኝ አለች፣ ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን ፈለገች። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈራችንን አቀበት እየተቀመጠች ነበር የምትወጣው። አሁን ከበዛች ጋር እስከ ከተማው ዳር ደርሳ ትመለሳለች። መንገድ ላይ በዛች አፍ አታስከፍታትም። «ሀጀራ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ጾሜ ያልከሳሁትን አንቺ በዶክተር ቃል ልትከሺ ነው?» ትላታለች። እናትሽም «አንቺ ስትፈስኪ ነው እንጂ ስትጾሚማ ማን አየሽ» ብላ መለሰችላት። እየተራመደች መልስ መስጠት መቻሏን ነው የምጽፍልሽ። በጥቅምት ቢሆን ሁለቱን በአንድ ላይ አትችልም ነበር።

መብሉን እኔ እቆጣጠራለሁ። ቅቤውን ቀንሻለሁ፣ ለስላሳ መጠጥ ቤት አይገባም፤ ሽሮና ጎመን፣ አልፎ አልፎ እንቁላል። ማታ ማታ ታጉረመርማለች። ዶክተር ባህሩ ብዙ መክሳት የለባትም፣ ከክብደቷ ትንሽ ሲቀንስ ብግነቱም ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም ያኔ መሥራት ይጀምራል ይላል። ጀምሯል።

ያልጻፍኩልሽ አንድ ነገር አለ። መቅረት የለበትም። ከእኛ በላይ ካለው መንገድ የነበረችውን፣ ልጇ ሪያድ የሞተችባትን ሴት ታስታውሻለሽ። መርዶው ሳይነገራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እሷ ግን ስልክ በመጥፋቱ ብቻ ተጨንቃ ከስታ ነበር፣ ሰው ደግሞ መክሳቷን አይቶ መርዶው ተነግሯታል ብሎ አሰበ። እናትሽ ይህን አልረሳችም። ቀሚሷን ልታስጠብብ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመችና እንዲህ አለችኝ፦

«መምህር፣ ሰው የኔን ገላ አይቶ ነው እኮ ልጄ መኖሯን የሚያውቀው።»

ቀሚሱን ሳናስጠብብ ተመለስን።

አባትሽ


መካነ ሰላም
መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ረመዳን ሙባረክ። ይህ አጭር ነው፣ ሾፌሩ ቆሟል።

ትጹም ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ አትጹሚ ብያለሁ፣ እሷ እጾማለሁ ብላለች። ሐኪሙ በየቀኑ የምትስበውን ሌሊት በሱሑርና ማታ በኢፍጣር ሰዓት እንዲሆን አደረገላት። ለድንገተኛው የሚሆነውን ግን ትንፋሽ ባጠራት ሰዓት ሁሉ እንድትስብ፣ ጾሙ ቢፈታም እንዳትሰስት አላት። አልሰማም አለች። ሸህ ሃሩን ዘንድ ወሰድኳት። የቁርኣን ልጆቻቸውን ዝም አሰኝተው «ሀጀራ፣ ትንፋሽም አማና ነው፣ የአላህ አደራ ነው፣ ስትጠየቂበት ምን ልትይ ነው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከመቀነቷ አይለይም።

ለተራዊሕ ሶላት ማታ ማታ በእግሯ መስጊድ ትወጣለች። ያለፈው ዓመት የላክሽላት ጀለቢያ ሰፍቷታል። የዒዱን ፎቶ አነሣለሁ፣ በሚሞሪ ካርድ ለጠሃ ይደርሰዋል። ወፍራ አትታይም፤ እንዳትደነግጪ። እናትሽ ከስታለች፤ ደህና ናት።

አባትሽ


ኩዌት
ሚያዝያ 19 ቀን 2016

አባባ፣

ፎቶው ደረሰኝ። ይህች ማናት?

ሰላምታ ሳላቀርብ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። አንገቷን አየሁት። እጇን አየሁት፣ ቀለበቷ በክር ተጠቅልሏል። ማዳምን አሳየኋትና «እናትሽ ምን አገኛት?» አለችኝ። እሷ እንኳን፣ እሷ ራሷ።

አያቴ ስትሞት ኮንትራቴ እስኪያልቅ ደብቃችሁኛል። እደውል ነበር፣ ደህና ናት ትሉኝ ነበር፣ ተኝታለች፣ ሶላት ላይ ናት፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። አሁን የጻፉልኝን ሳነብ ያኔ ሲያወሩኝ የነበረውን ድምፅ ነው የሰማሁት። ደህና ናት። ዶክተሩ ሌላ ነገር አግኝቶባት እንደሆነ ንገሩኝ። ጡቷን እንደሆነ፣ ስኳር እንደሆነ። ስለ ስብ የጻፉልኝ ሁሉ እኔን ለማስለመድ እንደሆነ፣ እሱንም ንገሩኝ።

ስለ ኮንትራቱ አሁን ልመልስ። ፈርሜያለሁ፤ ሌላ ሁለት ዓመት ነው። የፈረምኩት የጥር ወሩን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ፣ ደህና ናት ብዬ ነው። ዋሽተውኝ ከሆነ ምን እንዳደረጉኝ ይወቁት።

ኔትወርክ ያለበት አድርሰው ድምጿን ያሰሙኝ። ፎቶ አልፈልግም።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም
ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ፈርሂያ፣

እናትሽ በሕይወት አለች። ሌላውን ከዚህ በኋላ አንብቢ።

ካንሰር የለባትም፣ ስኳር የለባትም። ስለ ስብና ስለ ብግነት የጻፍኩልሽ ሁሉ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ እውነት ነው። አያትሽን በሚመለከት ያልሽው ልክ ነው፤ ስለዚህ ለምን አታምኚኝም ብዬ አልከራከርም። ስለ ኮንትራቱም አሁን ምንም አልልም። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። አብዛኛውን አላየሁትም፤ በዛች የነገረችኝን ነው የምጽፈው።

በዒዱ እናትሽ በዚያ ሰፊ ጀለቢያ ወጣች። ሰው ሁሉ አያት። ስልክ ከጠፋ ወራት አልፏል። እኔ ደግሞ በየጊዜው መናኸሪያ ወርጄ ከሾፌሩ ወረቀት እቀበላለሁ፣ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አነባለሁ፣ ለማንም አላወራም። ሰፈሩ እነዚህን አንድ ላይ ደመራቸው። ፈርሂያ ሞታለች፣ አሕመድኑር መርዶውን በወረቀት ተቀብሏል፣ ለሚስቱም ነግሯታል፣ ለቅሶ ያልተቀመጡት በሆነ ምክንያት ነው ተባለ። በዛች አይደለም ብትል፣ «አንቺማ አብረሻት የምትሄጂው ልታጽናኛት ነው» አሏት። በኋላ እሷም ተጠራጠረች። አልጠየቀችኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እናም ሊያጽናኑ ተስማሙ። ሊነጋ ሲል፣ ለፈጅር ሶላት እኔ መስጊድ ሳለሁ መጡ። እናትሽ በር ስትከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ በዛችም ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ገብተው ተቀመጡ። እነሱ እሷ ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። እሷ እነሱ ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። በዛች እንደምትለው እናትሽ ከአንዷ ወደ አንዷ ፊት ተመለከተችና «ልጄ ናት?» አለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ የምታውቀውን የምታረጋግጥ መስሏት፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ያጽናሽ» አለቻት።

እኔ ስደርስ ሰዉ ደጄ ላይ ቆሟል። ፊታቸውን አይቼ እኔም ሞተሻል ብዬ አመንኩ። ይህን መጻፍ አስፈላጊ ስለሆነ ነው የምጽፈው፦ የኔ ግቢ ነው፣ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቢሆንም አመንኩ። እናትሽን ትንፋሿ ተቆርጦ በወንበር አድርገው ሲያወጧት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ሐኪም ቤት ስናደርሳት ዶክተር ባህሩ ኦክስጅን ነበረው። ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቀም። በኋላ ለብቻዬ አስቀምጦ፣ በጥቅምት ክብደቷ ሆና እንዲህ ቢይዛት ኖሮ አትመለስም ነበር አለኝ። ሁለተኛ ቢይዛት ግን ዋስትና እንደማይሰጠኝም ነገረኝ። ኦክስጅኑ ሲያልቅ የሚተካው መንገዱ ለጭነት ሲከፈት ነው።

አሁን ቤት ናት። ነገሩ ስህተት እንደነበር ሰፈሩ አምኗል፤ እየመጡ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ አንዷማ እግሬ ላይ ወደቀች። ያላመነችው እናትሽ ብቻ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሰው ፊት አይቻለሁ፣ ፊት አይዋሽም ትላለች። መራመድ ትታለች። የሚመጣው ሰው ደግሞ እንደ ሐዘንተኛ ያጎርሳታል፣ እኔም ከእጃቸው ላይ ልነጥቅ አልቻልኩም። በየቀኑ የምትስበውን መድኃኒት እኔ ካልያዝኩላት አታነሣውም። ትናንት ስይዝላት እጄን በዝግታ መለሰችው፦

«ለማን ብዬ ነው መምህር የምተነፍሰው?»

የሚያዝያ ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ቁጣሽን ሳልቀንስ፣ ማዳም ያለችውንም፣ የፈረምሽውንም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህን አንቱ ነዎት የጻፉት። አነጋገርዎን አውቀዋለሁ።» በዚህስ አልተሳሳተችም። ደብዳቤ መጻፍ ያስተማርኩሽ እኔ ስለሆንኩ ዓረፍተ ነገርሽ የኔን ይመስላል። ወረቀቱን አሳየኋት፤ ማንበብ አትችልም፣ በዚያ ላይ የታተመ ነው። ጠሃ የዓረፋ ዕለት የላክሽለትን ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ልኮልኝ ነበር፣ አሰማኋት። «ይህ ያለፈው ዓመት ነው፣ ያኔማ ነበረች» አለች። ያም ልክ ነው፣ ያለፈው ዓመት ነው። ደሴ ልወስዳት አስቤ ነበር፤ ሐኪሙ እንዲህ ሆና መንገድ እንዳትወጣ ከልክሏል።

ሌላ ማስረዳት የምችለው የለኝም። ሳስብበት የቀረኝ መንገድ አንድ ነው። እናትና ልጅ ከኔ ተደብቃችሁ የምታወሩት ነገር ነበራችሁ፤ ስገባ ዝም ትሉ ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቄያችሁ አላውቅም። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ጻፊ፤ እኔ ላውቀው የማልችለውን፣ ላስበውም የማልችለውን። እኔ እንዳስተማርኩሽ አድርገሽ አትጻፊው፣ አፍሽ እንደሚናገረው ጻፊው። ፊደሉ ቢሳሳት አላርመውም። ቢቻልሽ በድምፅሽም ቅጂና ለጠሃ ላኪለት። ትርጉሙን ለኔ አትንገሪኝ። ሳይገባኝ ላንብብላት፤ ሳይገባኝ እንዳነበብኩ ፊቴን አይታ ታውቃለች።

ከፈለግሽ በኋላ ተቆጪኝ፣ ስለ ፈረምሽውም በኋላ እንነጋገራለን። ጠሃ የሚልክበት ሾፌር ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ ይነሣል። ይህ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ መልሺልኝ።

አባትሽ አሕመድኑር